የፈነዳው ሥርና የታመመው ግድግዳ
በኩላሊት ዙሪያ ድንገት ስለሚፈስ ደም ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ኩላሊትና ስለ ደም መናገር ለጊዜው ከቦታው የወጣ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቧንቧ፣ ግፊት፣ የግድግዳ ውፍረትና ፍሳሽ የመሐንዲስ የዘወትር ቋንቋዎች ናቸው፤ የሰው ገላም በግፊት የሚሠራ ትልቅ የቧንቧ መረብ የተዘረጋበት ነው። ከዚህ መረብ አንዱ ቅርንጫፍ ያለ አንዳች ምት፣ ያለ አንዳች ቁስል ፈንድቶ ደም በኩላሊት ዙሪያ ሲፈስ፣ ለሐኪሙ የሚቀርብለት ጥያቄ ቧንቧ ለፈነዳበት መሐንዲስ ከሚቀርበው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ይኸውም «ፍሳሹ በምን ይቁም?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ግድግዳው ስለ ምን ደከመ?» የሚለው ጭምር ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለተኛው ጥያቄ ከተረሳ ለመጀመሪያው የተገኘው መልስ በሽተኛውን ለዘለቄታው እንደማያድን ማስረዳት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኩላሊት አቀማመጥ

ለበዓል በግ ያረደ ወይም ሲታረድ ቆሞ የተመለከተ ሰው ሁሉ ኩላሊት በሞራ ተጠቅልሎ ከጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ እንደሚገኝ ያውቃል። የሰውም ኩላሊት እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ 150 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ በመጀመሪያ ስስና ጠንካራ በሆነ የራሱ ቆዳ፣ ቀጥሎም በሞራ ተሸፍኗል። ከሞራው ውጭ ደግሞ ሩማንያዊው የአናቶሚ ሊቅ ዲሚትሪ ጌሮታ በ1895 የገለጹት፣ እስከ ዛሬም በስማቸው የሚጠራ ሌላ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ኋላ እንደሚታየው በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው።

ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድነት ቢመዘኑ ከሙሉ ሰው ክብደት ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንዱን እጅ፣ ማለትም በየደቂቃው አንድ ሊትር ያህል ይቀበላሉ። በአንድ ጐልማሳ ሰው ገላ ውስጥ የሚገኘው ደም አምስት ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ በየአምስት ደቂቃው ከጠቅላላው ደም ጋር የሚተካከል መጠን በእነዚህ ሁለት ትንንሽ አካላት ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ደም አድራሹ ሥር፣ ማለትም ደም ቅዳው፣ ወደ ኩላሊቱ ከገባ በኋላ እንደ ዛፍ ይከፋፈላል፤ ቅርንጫፎቹ ግን ተመልሰው እርስ በርሳቸው አይገናኙም። በከተማ ውሃ ሥራ አነጋገር፣ ይህ ጫፉ የተዘጋ መስመር እንጂ ዙሮ የሚገናኝ መስመር አይደለም። ስለሆነም አንዱ ቅርንጫፍ ቢዘጋ እርሱ ያጠጣው የነበረው ክፍል ከሌላ አቅጣጫ ውሃ አያገኝም፤ ይደርቃል።

የዉንደርሊኽ ምልክቶች

በ1856 በጀርመን አገር በላይፕሲክ የሕክምና መምህር የነበሩት ካርል ዉንደርሊኽ፣ ምት ሳይኖር በኩላሊት ዙሪያ ድንገት ስለሚፈስ ደም ጽፈው ሕመሙ በስማቸው የሚጠራ ሆነ። ዉንደርሊኽ የሰውነትን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለኩ መመዝገብ የሆስፒታል የዘወትር ሥራ እንዲሆን ያደረጉ፣ በ1868ም ስለዚሁ ጉዳይ ታዋቂ መጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው። ከግምት ይልቅ ልክን የሚወዱ ሐኪም ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሽንጥ በኩል ነው። ሰውየው ከባድ ነገር አላነሣም፤ አልወደቀም፤ አልተመታም። ድንገት ከጎድኑ በታች እንደ ጩቤ የሚወጋ ሕመም ይሰማዋል። ላብ ያጠምቀዋል፤ የልቡ ትርታ ይፈጥናል፤ ልቁም ሲል ያዞረዋል። ሐኪሞች ሦስት ምልክቶችን ያስተምራሉ፤ እነርሱም የሽንጥ ሕመም፣ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ እብጠትና ከደም መጉደል የሚመጣ መዝለፍለፍ ናቸው። ሦስቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። ስለዚህ ሕመሙ የኩላሊት ጠጠር ነው ተብሎ ማስታገሻ ብቻ ተሰጥቶት የሚታለፍበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ላይ ስለ መለኪያ አንድ ነገር ሊጤን ይገባል። ደም እንደ ጐደለ ወዲያውኑ የሚደረግ የሄሞግሎቢን ምርመራ መልካም ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ምክንያቱም ይህ ምርመራ የሚለካው በገላ ውስጥ ያለውን የደም ብዛት ሳይሆን በአንድ መጠን ደም ውስጥ ያለውን ይዘት ነው። ከጋን ውስጥ ግማሹ ጠላ ቢቀዳ የቀረው ጠላ አይቀጥንም፤ የሚቀጥነው ውሃ ሲጨመርበት ነው። ደምም እንደዚሁ የሚቀጥነው ፈሳሽ ከሌላው የሰውነት ክፍል ወደ ሥሮቹ ሲገባ ወይም በመርፌ ሲሰጥ ነው፤ ይህም ሰዓታት ይፈጃል። የመለኪያውን ባሕርይ ሳያውቅ በቁጥሩ ብቻ የተማመነ ሐኪም፣ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ «ደሙ ደኅና ነው» ሊል ይችላል። የልብ ትርታ መፍጠን ግን ቀድሞ ይናገራል፤ የደም ግፊት የሚወርደው ከእርሱ በኋላ ነው።

ለፍሳሹ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በ2002 የታተመና በልዩ ልዩ ጽሑፎች የተገለጡ 165 በሽተኞችን የሰበሰበ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከመቶ ስድሳ በሚበልጡት ላይ ምክንያቱ ነቀርሳ የሆነ ወይም ያልሆነ የኩላሊት ዕጢ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ የተገኘው የደም ሥር ሕመም ሲሆን፣ እርሱም ከመቶ አሥራ ሰባት ያህሉን ይይዛል። ከደም ሥር ሕመሞችም መካከል በብዛት የተገኘው ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ የሚባለው የሥር ብግነት ነው። የቀረው የንግግሩ ክፍል የሚመለከተው ይህን ነው።

የፍራይቡርጉ ልብስ ሰፊ

አንድ የ27 ዓመት ወጣት ልብስ ሰፊ በፍራይቡርግ ከተማ ወደሚገኘው ሆስፒታል ገባ። ሰውነቱ እጅግ ከመድከሙ የተነሣ ምርመራው ሳያልቅ መተኛት ግድ ሆነበት። ትኩሳት ነበረበት፤ ጡንቻዎቹ ይታመማሉ፤ እጅና እግሩ ይደነዝዛል፤ ሆዱን ያመዋል፤ ኩላሊቱም ታውኳል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሞተ። አዶልፍ ኩስማውልና ሩዶልፍ ማየር የተባሉት ሊቃውንት አስከሬኑን ሲመረምሩ በመካከለኛ ደም ቅዳዎቹ ላይ በዓይን የሚታዩ ቋጠሮዎች ተደርድረው አገኙ። በመጀመሪያ ሥሮቹን ያበላሸ ትል መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩን መርምረው ትል አለመሆኑን፣ የሥሩ ግድግዳ ራሱ በብግነት የተበላ መሆኑን በ1866 አሳተሙ። «ኖዶሳ» የሚለው ስምም ከእነዚሁ ቋጠሮዎች የመጣ ነው።

ብግነት ማለት በእሾኽ የተወጋ ጣት የሚያሳየው መቅላት፣ መሞቅና ማበጥ ነው። ይህ የሰውነት መከላከያ ኃይል ወራሪን ለመመከት የሚያስነሣው ዘመቻ ነው። በዚህ ሕመም ግን ዘመቻው የሚነሣው በገዛ ሥር ግድግዳ ላይ ነው። የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ግድግዳው ገብተው ሽፋኑን ከውስጥ እስከ ውጭ ይበሉታል፤ ሥሩ እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርገውን ንብርብርም ይቆርጡታል። አደጋው ሥሩን በሙሉ አይወርሰውም፤ እዚህም እዚያም፣ ይልቁንም ሥሩ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ያርፋል። መገጣጠሚያ የቧንቧ መስመር ደካማ ቦታ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሁለት መንገድ ይሄዳል። በአንድ በኩል ግድግዳው አብጦ የውስጡን መተላለፊያ ያጠበዋል፤ ከበስተጀርባው ያለው የኩላሊት ክፍል ደም አጥቶ ይሞታል። በሌላ በኩል ግድግዳው ሳስቶ ወደ ውጭ ይለጠጥና ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ በአንድ ኩላሊት ውስጥ ድርቅና ጐርፍ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። ሕመሙን እንግዳ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የግድግዳው ሒሳብ

ክብ በሆነ ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ውጥረት፣ የውስጡ ግፊት በራዲየሱ ተባዝቶ ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለድቡልቡል ከረጢት ደግሞ ውጤቱ እንደገና ለሁለት ይካፈላል። ሐኪሞች ይህንኑ በፈረንሳዊው ሊቅ በላፕላስ ስም ይጠሩታል።

ለምሳሌ ያህል ራዲየሱ 1 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 0.5 ሚሊሜትር የሆነ ሥር ይወሰድ። ልብ በሚረጭበት ጊዜ ያለው የጤናማ ሰው ግፊት 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ይህም 16 ኪሎፓስካል ወይም 1.6 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚያሳድረው ግፊት ነው። የግድግዳው ውጥረት 32 ኪሎፓስካል ይሆናል። አሁን ግድግዳው በብግነት ተበልቶ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይሳሳ፤ ተለጥጦም ራዲየሱ 2.5 ሚሊሜትር የሆነ ከረጢት ይሁን። ውጥረቱ 200 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ ከቀድሞው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የደሙ ግፊት ቅንጣት አልጨመረም። ሕያው ሥጋ እንደ ብረት አንድ ወጥ ስላልሆነ ይህ ስሌት የሚፈነዳበትን ቀን አይናገርም፤ የነገሩን አቅጣጫ ግን በግልጽ ያሳያል። ከረጢቱ በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፤ በሳሳም ቁጥር ይበልጥ ይሰፋል።

በእውነቱ ደግሞ ግፊቱም መጨመሩ አይቀርም። ደም የተቋረጠበት የኩላሊት ክፍል «ውሃ ጐደለ» ብሎ እንደሚጮኽ የመስመር ጫፍ ነው፤ ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ በዚህም ሰበብ የመላው ሰውነት የደም ግፊት ይነሣል። ስለዚህ ያው ሕመም በአንድ እጁ ግድግዳውን ያሳሳል፤ በሌላው እጁ ግፊቱን ይጨምራል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ሰውየው ለጊዜው ድካምና ትኩሳት ብቻ እየተሰማው ሳለ፣ በሽንጡ ውስጥ ይህ ሒሳብ እየተሠራ ይቆያል።

የችኮላ ቢላዋ

ከረጢቱ ሲፈነዳ ደሙ በኩላሊቱ ቆዳ ሥርና በሞራው ውስጥ ይጠራቀማል። የጌሮታ ሽፋን እየተወጠረ ሲሄድ በውስጡ ያለው ግፊት ይነሣል፤ የሚፈስሰውንም ሥር ከውጭ ይጫነዋል። ስለዚህ ተፈጥሮ ራሷ ግድብ ሠርታ ፍሳሹን የምትገታበት ጊዜ አለ። ቀዶ ሐኪም ይህን ሽፋን ሲከፍት ግድቡን ያፈርሳል፤ ደሙ እንደገና ይገነፍላል፤ ደሙን ለማቆምም ብዙ ጊዜ ኩላሊቱን በሙሉ ማውጣት ግድ ይሆናል።

ዋናው አሳሳቢ ነገር ያለው ከዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ በአንድ በኩል ያለ ዕጢ ከሆነ ያንን ኩላሊት ማውጣት ሕመሙንም ማውጣት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የሥር ብግነት ከሆነ ግን የታመመው አንድ ኩላሊት አይደለም። ከረጢቶቹ በግራም በቀኝም፣ በጉበትና በአንጀት ሥሮችም ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ዛሬ የቀኙ ኩላሊት ቢወጣ ነገ የግራው ሊፈነዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚቀር ኩላሊት የለም። የበሽተኛው ነፍስ በእጅ ላይ ስትሆንና ሌላ መንገድ ሲታጣ ቀዶ ሕክምናው ነፍስ አዳኝ መሆኑ አይካድም። ጊዜ የሚሰጥ በሽተኛ ሲሆን ግን ምክንያቱን ሳያውቁ ኩላሊት ማውጣት፣ ውሃው የበላውን መስመር ትቶ የፈነዳውን አንድ ቧንቧ ብቻ ነቅሎ እንደ መሄድ ነው።

ግድቡም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። አሜሪካዊው ሐኪም ኧርቪን ፔጅ በ1939 የእንስሳትን ኩላሊት በሴሎፋን ጠቅልለው ዘላቂ የደም ግፊት እንደሚያስከትል አሳይተዋል። በኩላሊት ዙሪያ የተጠራቀመ ደምም እንደ ሴሎፋኑ ኩላሊቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ግፊቱም ይነሣል። ስለሆነም ፍሳሹ ቆመ ተብሎ ከሆስፒታል የወጣ በሽተኛ የደም ግፊቱን መከታተል ይኖርበታል።

ፍሳሹን ማቆምና ግድግዳውን ማዳን

በዚህ ሕክምና ውስጥ የመሐንዲስ እጅ አለበት። በእንግሊዝ አገር የኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ጐድፍሬይ ሐውንስፊልድ የሠሩት የሲቲ መሣሪያ በ1971 በለንደን የመጀመሪያውን በሽተኛ አነሣ፤ እርሳቸውም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። በመሣሪያው መለኪያ ውሃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ ስብ ከውሃ በታች፣ ትኩስ የረጋ ደም ከውሃ በላይ ይነበባል። በሞራ መካከል የፈሰሰ ደም በዚህ ልዩነት ወለል ብሎ ይታያል። ጥቃቅኖቹን ከረጢቶች ለማየት ግን በደም ቅዳ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የሚነሣው አንጂዮግራፊ ይበልጣል። ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር በ1953 ባሳተሙት ዘዴ ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ገብቶ እስከ ኩላሊቱ ቅርንጫፍ ይደርሳል፤ በዚያው ቱቦ ትንንሽ ጥቅልል ሽቦ ተልኮ የፈነዳው ቅርንጫፍ ብቻ ይደፈናል። መስመሩ ጫፉ የተዘጋ ስለሆነ የሚሞተው ያ ቅርንጫፍ ያጠጣው የነበረው ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው ኩላሊት ይተርፋል። ምርመራው ሳይደረግ በመርፌ ከኩላሊቱ ሥጋ ቆርሶ መውሰድ ግን አደገኛ ነው፤ መርፌው ከከረጢቶቹ አንዱን ሊበሳ ይችላልና።

ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው በመድኃኒት ነው። ኮርቲዞን ከመገኘቱ በፊት ይህ ሕመም ያደረበት ሰው ተስፋው የመነመነ ነበር። በ1967 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሕክምና ካላገኙት መካከል አምስት ዓመት የኖሩት ከመቶ 13 ብቻ ሲሆኑ፣ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት ካገኙት መካከል ግማሽ ያህሉ ኖረዋል። ኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ ሰማንያ ገደማ ከፍ ብሏል። ከአሥራ ሦስት ወደ ሰማንያ የተደረሰው ፍሳሹን በማቆም ሳይሆን ግድግዳው እንዳይበላ በመከላከል ነው። መድኃኒቶቹም የራሳቸው ጉዳት ስላላቸው በሐኪም ጥብቅ ክትትል ካልሆነ አይወሰዱም።

አንዳንድ ጊዜ ከግድግዳው በስተጀርባም ሌላ ምክንያት አለ። በ1970 የታተሙ ጥናቶች ይህ የሥር ብግነት በጉበት ቫይረስ ቢ በተያዙ ሰዎች ላይ እንደሚከሠት አሳዩ። ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» ከሚለው ሕመም መንስኤዎች አንዱ ይኸው ቫይረስ ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ የመከላከያን ኃይል የሚያዳክም መድኃኒት ብቻ ከተሰጠ ቫይረሱ ይበረታል፤ ስለሆነም ቫይረሱን የሚዋጋ መድኃኒት አብሮ መሰጠት አለበት። ክትባቱ በተስፋፋባቸው አገሮች ከቫይረሱ ጋር የተያያዘው የሥር ብግነት እጅግ ቀንሷል። በኢትዮጵያ ቫይረሱ በሰፊው የሚገኝ ሲሆን፣ መከላከያው ለሕፃናት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ጐልማሶች በአብዛኛው ይህ ጥበቃ አልደረሳቸውም። ስለዚህ ባልታወቀ ምክንያት በኩላሊቱ ዙሪያ ደም የፈሰሰበት ኢትዮጵያዊ ሲገኝ የጉበት ቫይረስ ምርመራ ቸል ሊባል የማይገባው ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራን የጉባኤው ተካፋዮች፤

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ ሕመም ግን ራሱን በልዩ ልዩ ልብስ የሚደብቅ ነው። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ የጡንቻ ሕመም፤ በቆዳ ላይ እንደ መረብ የተሣለ የወይን ጠጅ መልክ፤ በወንዶች የቆለጥ ሕመም፤ እግር ከቁርጭምጭሚት በድንገት አልታዘዝ ማለት፤ በወጣትነት የተነሣ ብርቱ የደም ግፊት፤ እነዚህ ለየብቻቸው ሲታዩ ብዙ ትርጉም አላቸው፤ ሲደራረቡ ግን ግድግዳው እየተበላ ስለ መሆኑ የሚሰጡ ማስጠንቀቂያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነዚህ በኋላ የሽንጥ ሕመም ድንገት ቢነሣ በሽተኛው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሊደርስ ይገባል።

የመሐንዲሱም ድርሻ የተለየ አይደለም። የሲቲውና የአንጂዮግራፊው መሣሪያ ሥራ ላይ እንዲውል የሚጠግነው፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል እንዳይቋረጥ የሚጠብቀው እርሱ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ በቆመበት ሌሊት ሐኪሙ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝም፤ የሚቀረው ቢላዋው ብቻ ነው። መሣሪያው በሚሠራበት ሌሊት ግን በሽተኛው ሁለቱን ኩላሊቶቹን ይዞ፣ ግድግዳው ስለ ምን እንደ ደከመም ታውቆለት ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።